የሲኒ ጥርሴና የቄሱ በቅሎ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝን ልንገራችሁ። ለጥርስ ሐኪም በሁለት ዙር የአንዲት መካከለኛ በቅሎ ዋጋ፤ ሁለት ጊዜ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፤ የረባ ገበያ ሳላይ የከረምኩበት አንድ በጋ፤ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ቅጽል ስም። ይኸ እኔ የከፈልኩት ነው። ሌላ ሰው የከፈለልኝ ደግሞ አለ፤ የግራ እግር ነው።

እሱ በቦታው ይመጣል። መጀመሪያ ሥራዬን ላስተዋውቅ።

ነጋዴ ጡረታ የለውም። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ወይም ዕቃው ፈላጊ ሲያጣ ያቆማል። በእኔ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ዛሬ መንዝ ውስጥ ሚኒባሱ አለ፣ ሞተር ሳይክሉ አለ፤ በቅሎ የሚጠይቀኝ ሰው ለሠርግ ሊከራይ የሚፈልግ ብቻ ሆነ። ስለዚህ የንግድ ፈቃዴን ይዤ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን የተቀበለችኝ ልጅ አገላብጣ አየችውና፣

«የጋማ ከብት ምንድን ነው አባባ?» አለችኝ።

«በቅሎ፣ ፈረስ፣ አህያ።»

«ለእሱም ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?»

«ለመግዛትም ለመሸጥም አላስፈለገኝም፤ ኬላ ለማለፍ ነው» አልኳት።

ሳቀችና ማኅተሟን መታችበት። የሠላሳ አራት ዓመት ሥራ በአንድ ማኅተም አለቀ። ከዚያ ወዲህ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ይኸን እጽፋለሁ።

ፊደሉን በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ግማሹን ይዤ ጠፋሁ፤ ቀሪውን ደርግ በመሠረተ ትምህርት አስጨረሰኝ። የከብት አፍ ማየት ያስተማሩኝ ግን ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ የዘመሮ ሰው ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ከሰው ጋር ሲያወሩ እንኳ ዓይናቸው የሰውየውን ሰኮና የሚፈልግ የሚመስል ሰው ነበሩ። በእሳቸው ኋላ ስምንት ዓመት ገመድ ይዤ ዞርኩ፦ ዘመሮ፣ መሐል ሜዳ፣ ግሼ፣ ቁልቁል ወርደን መርሐ ቤቴ። በሬና በግ አልነካንም። ሥራችን በቅሎና ፈረስ ነበር።

በቅሎ ወረቀት የላትም። ዕድሜዋ የተጻፈው አፏ ውስጥ ነው። የታች ፊት ጥርሶቿ ጫፍ ላይ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ በዕድሜዋ ልክ እየተፋቀ ይጠፋል፤ መጀመሪያ የመሐለኞቹ፣ ቀጥሎ የአጠገባቸው፣ በመጨረሻ የጥጎቹ። ይኸን ማንም ነጋዴ ያውቃል፤ አጭበርባሪውም ያውቃል። ስለዚህ ያረጀች በቅሎ ጥርስ ላይ በጋለ ብረት አዲስ ጉድጓድ ቆፍሮ ገበያ ያወጣታል። ጋሽ ወንድይፍራው ጉድጓዱን አይተው አይወስኑም። አፏን በግራ እጃቸው ገለጥ አድርገው ከጎን ያያሉ። የወጣት በቅሎ የላይና የታች ጥርስ ቀጥ ብሎ ይገጥማል፤ እያረጀች ስትሄድ ወደ ፊት ይሾላል።

«ጉድጓዱን ብረት ይሠራዋል። ይኸንን መሾል ግን የሚያቀናው የለም። ከጎን እይ» ይሉኛል።

አፍ የሚያዩት ደግሞ ጠዋት ብቻ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ከፍ ስትል። ከሰዓት በኋላ ስንት ደህና በቅሎ ቢመጣላቸው «ነገ» ይላሉ። «የማታ ብርሃን ሁሉንም ጥርስ ወርቅ ያስመስለዋል፤ ቸኩለህ አትግዛ» ብለውኛል። ይኸን ምክር ለበቅሎ ብቻ መስሎኝ ኖርኩ።

ሌላው ልማዳቸው ነውር መናገር ነው። ገዢ መጥቶ ገመዱን ሲይዝ፣ ገና ዋጋ ሳይጠራ፣ ቆመው ጮክ ብለው ይናገራሉ። «ይቺ ቀኝ ጆሮዋን ሲነኳት ትራገጣለች። አሁን ዋጋ እንነጋገር።» አንዷ ጨለማ ትፈራለች፣ አንዷ ሌላ ከብት አጠገብ አትበላም፣ አንዷ ሳር ሲነፍጓት ኮርቻ ትነክሳለች። ያልተናገሩባት በቅሎ አላስታውስም።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ጽድቅ ፈልገው ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምን ጽድቅ! ነውሯን ከእኔ የሰማ ገዢ ሌላ ነውር ፍለጋ ግማሽ ቀን አያደክመኝም። ደግሞም የሚመጣው ሳምንት ገበያ እዚሁ ነው፤ የት እሄዳለሁ?»

እሳቸው ሲያርፉ መሐል ሜዳ ገበያ ውስጥ ከአጥሩ ሥር ያለችው ቦታቸው ለእኔ ቀረች። ቦታዋን ያገኘሁት በጉልበት ወይም በገንዘብ አይደለም። ሰው «የወንድይፍራው ልጅ ነው፣ ነውር ይናገራል» ስላለ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደርግ ገባ። መጀመሪያ ላይ ሥራችን ሞተ። በቅሎ የባላባት ነች ተባለ፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ መታየት ስብሰባ ላይ ስም ያስጠራ ጀመር። ጌጠኛ ኮርቻ ያለው ሁሉ ቆጥ ላይ ሰቀለው። ዓመት ቆይቶ ግን ካድሬዎቹ ራሳቸው መኪና የማይገባበት ገበሬ ማኅበር ሁሉ ደርሰው ሰው መሰብሰብ ነበረባቸው፤ እግራቸው ሲቆስል በቅሎ ከአብዮቱ ጋር ታረቀች። ከዚያ ወዲህ ኬላው፣ ቀረጡ፣ የይለፍ ወረቀቱ ነበር። ስለዚያ ሌላው ጽፏል፤ እኔ አልደግመውም።

ጥርሴ የተሰበረችው የሰባ ሰባቱ ድርቅ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ዘመሮ ላይ የአንድ ወንድ በቅሎ አፍ ሳይ ራሱን ወደ ላይ ወረወረና አገጩ አፌን መታው። የላይ ፊት ጥርሴ ከመሐሉ ተሰበረች። አየር በነካት ቁጥር ሕመሙ ዓይኔ ድረስ ይወጣል፤ የመንዝን ብርድ ለሚያውቅ መናገር አያሻም። ስናገር ደግሞ አፌ ያፏጭ ጀመር። ሦስት ወር ታግሼ አዲስ አበባ ወረድኩ።

ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ሥሯን አከመና የቀረችውን ጉቶ ሞርዶ፣ «በላይዋ ሽፋን እናለብሳታለን» አለኝ። «ከምን የተሠራ?» ስለው፣ «ከፖርሴሊን» አለ። አልገባኝም። «ሲኒ የሚሠራበት ነገር ነው» ሲለኝ ገባኝ። ከዚያ አንድ ዘንግ አወጣ፤ ዘንጉ ላይ ጥርሶች ተደርድረዋል፤ ከነጩ እስከ ብጫው፣ ከብጫው እስከ ግራጫው፣ አሥራ ስድስት።

«ከጎረቤቶቿ ጋር የምትመሳሰለውን እንመርጣለን። ወደ መስኮቱ ይምጡ፣ በመብራት አይታይም» አለኝ።

«ዋጋቸው ይለያያል?» አልኩት።

«አይ፣ ሁሉም አንድ ነው።»

«እንግዲያ መስኮት ምን ያደርግልኛል? ነጯን ይስጡኝ።»

ሳቅ አለ። «የእርስዎ ጥርስ ሻይና ጠላ፣ ጭስም የለመደ ነው። ነጯ አትሄድም።»

«ሐኪም ሆይ፣ እርስዎ በአንድ ዋጋ አሮጌና አዲስ ቢያቀርቡልዎ አሮጌውን ይወስዳሉ?»

«ጥርስ ጨርቅ አይደለም።»

«ቢሆንም።»

መስተዋት ሰጠኝና ነጯን በከንፈሬ ሥር ያዘልኝ። ከበላይ መብራት ነበር፤ ታበራለች። ደስ አለኝ። «በኋላ እንዳይቆጩ። ሲኒ አንዴ ከተጋገረ ቀለሙ አይለወጥም፤ አይጠቁርም፣ አይነጣም» አለኝ። ይኸን እንደ ነውር መናገር ነው የሚቆጠረው፤ ሰውየው ነውሯን ተናግሮ ነው የሸጠልኝ። እኔ ግን አሥራ ስድስት ዕቃ በአንድ ዋጋ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር፤ የተሻለውን ትቼ ብወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በሳምንቱ ተገጠመችልኝ። መሐል ሜዳ ስደርስ ፀሐይ ነበር። ባለቤቴ አስካለ በር ላይ ቆማ ሰላም ልትለኝ አፏን ከፈተችና እንደከፈተች ቀረች።

«ምነው?» አልኳት።

«እስቲ ዝጋው… አሁን ክፈተው… አንተ ሰውዬ፣ አፍህ ውስጥ ይኸን ያህል የሚያበራው ምንድን ነው? ሌሎቹ ጥርሶችህ እኮ ቆሽሸው የመጡ መሰሉ!»

እውነቷን ነው። ነጯ ጥርስ ብቻዋን አላበራችም፤ ሌሎቹን አጠቆረቻቸው። ከዚያ በፊት ብጫ መሆናቸውን የሚያውቅ አልነበረም።

ገበያ ስወጣ በለጠ የሚባለው ደላላ ከሩቅ አየኝ። በለጠ ምላሱ አያርፍም፤ ስም በማውጣት ከእኛ አገር አንደኛ ነው። «ከምን ነው ያሠራኸው?» አለኝ፤ እኔም ሞኝ «ከሲኒ» አልኩት። አለቀ። እኩለ ቀን ሳይሆን ገበያው ሁሉ «ሲኒው» ይለኝ ጀመር። «ሲኒው፣ ሁለተኛ ቅዳልኝ!» «ሲኒው፣ ረከቦቱስ የት ቀረ?» አንዱ ታጋሽ መስሎ ቀረበኝና፣ «ወርቅ አለማድረግህ ደግ ነው፤ ይወረስብህ ነበር» አለኝ።

ይኸ ሁሉ ያልፋል፤ መሳቅ ለገበያ መጥፎ አይደለም። ያላለፈው የአንድ የግሼ ገበሬ ንግግር ነው። ሰውየው የስድስት ዓመት በቅሎ ሊገዛኝ መጥቶ ነበር። አፏን ከፍቼ ጥርሷን ከጎን አሳየሁት። እሱ የሚያየው ግን የእሷን አይደለም፤ የእኔን ነው።

«የራስህን አፍ አሳድሰህ መጥተሃል። የእሷን አልነካሁም ስትል በምን ልመንህ?»

ሰዉ ፈነዳ። ሰውየውም ቀልዶ ነው መሰለኝ፤ ግን ሳይገዛ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ይኸንኑ ደገመው። በሌላ ንግድ ቢሆን ጥርሴ የራሴ ጉዳይ ነበረች። በእኛ ሥራ ግን የሚሸጠው አፍ ነው።

ላስተካክላት ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ ላጠቁራት አሰብኩ፤ ጥቁር ሻይ አፌ ውስጥ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ትንባሆ አኘክሁ፣ ጥላሸት ቀባኋት። ሌሎቹ ጥርሶቼ ሁሉ ጠቆሩ፤ እሷ እንደ መጣች ነች። ቀጥሎ ሌሎቹን ወደ እሷ ላምጣቸው ብዬ በወይራ መፋቂያ፣ በከሰልና በጨው ፋቅሁ። ድዴ ደማ፤ ሁለት ሳምንት ገንፎ እንኳ በጎን ነበር የምውጠው። አስካለ «ግድግዳ ነው እንዴ የምትለስነው?» አለችኝ። ጥርሶቼ ትንሽ ፈካ አሉ፤ ከሲኒዋ ጋር ግን አሁንም ሰማይና ምድር ናቸው።

በመጨረሻ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ መከናነብ ጀመርኩ። ብርዱ ምክንያት ይሆነኛል፤ መንዝ ውስጥ የተከናነበን ማንም አይጠይቅም። ገበያ ላይ የሚናገርልኝ በለጠ ሆነ። እኔ በጣት አሳያለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ እሱ ያወራል። በለጠ ከብቱን ያሞግሳል እንጂ ነውር አይናገርም፤ ደላላ ነው፣ ሥራው አይደለም። እኔም በየመሐሉ ሰውየውን ገለል አድርጌ ነውሩን በጆሮው እነግረው ነበር። ለጊዜው የሠራ መስሎኝ ነበር።

በዚያው በጋ ከመርሐ ቤቴ አንዲት ቡላ በቅሎ ገዝቼ መጣሁ። በርእሱ ላይ የጠራኋት በቅሎ እሷ ነች። ጥርሷ ቀጥ ያለ፣ ሰኮናዋ ጠንካራ፣ ቁልቁለት ስትወርድ ድንጋዩን በእግሯ ዳስሳ የምትረግጥ ነች። ስንመጣ ዳገቱ ላይ ካፊያ ሲጥል አብሮኝ ይጓዝ የነበረ ነጋዴ ዣንጥላውን ጧ አድርጎ ከፈተ። በቅሎይቱ ገመዱን ከእጄ በጥሳ ገደል ለገደል ጠፋች፤ እስከ ቀትር ፈለግናት። በኋላ ዣንጥላውን ዘግተን፣ ከፍተን ሞከርናት። ተዘግቶ ብትሸከመው ግድ የላትም። ሲዘረጋ ግን ሌላ በቅሎ ትሆናለች። ሌላ ነውር የለባትም። ለገበሬ ምንም ማለት አይደለም፤ ገበሬ ዣንጥላ የለውም።

የካቲት ውስጥ፣ ሁዳዴ እንደ ገባ፣ ቄስ ወልደ ሰንበት ገበያ መጡ። አካባቢው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ስድሳውን ያለፉ ካህን ናቸው። ሁለት ደብር ያገለግላሉ፤ አንዱ ደጋው ላይ ቤታቸው አጠገብ ነው፣ አንዱ ገደሉ ሥር። ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ ታችኛው ደብር ያለው አንድ ቄስ ነው። እሳቸው ካልወረዱ ታች ቅዳሴ የለም። በእግራቸው ስንት ዓመት ሲወጡ ሲወርዱ ኖረው ጉልበታቸው ስለደከመ የታችኛው ደብር ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው በቅሎ እንዲገዙ ላኳቸው።

«ጌታነህ፣ ደኅና ነህ ልጄ?» አሉና መስቀላቸውን አወጡ።

ለመሳለም ጋቢዬን ዝቅ አደረግሁ፤ ወዲያው መልሼ ከፍ አደረግሁት። አጥሩ ላይ የተደገፉ ሦስት ጎረምሶች ነበሩ፤ አይተውኛል።

«ሲኒው ጾም ይዟል፣ ዛሬ አይከፈትም!» አለ አንዱ።

«ተወው፣ ቄስ ፊት እንዳይሰበር ፈርቶ ነው።»

ቄስ ወልደ ሰንበት አልሰሟቸውም ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ቡላዋን ዞረው አዩዋት፤ ወደዷት። በግራ ብብታቸው ሥር ጥቁር ዣንጥላ ይዘው ነበር፤ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ። አየሁት። አላየሁም ማለት አልችልም።

በለጠ ጀመረ። «አባ፣ ይቺ እኮ ገደል ስትወርድ በደረጃ የምትወርድ እመቤት ነች! ውኃ ይዘውባት ቢወርዱ አይፈስም!» እውነቱን ነው፤ ያለው ሁሉ ልክ ነበር።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ነውሯንስ ንገረኝ እንጂ። የወንድይፍራው ደቀ መዝሙር አይደለህ?»

ጎረምሶቹ ከአጥሩ ተላቀው ቀረቡ። አፌ እስኪከፈት ነው የሚጠብቁት። ያኔ ምን እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ፤ «ገበያው መውጫ ድረስ እሸኛቸውና ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ» ነው ያልኩት በልቤ። ዝም አልኩ።

በለጠ ተቀበለ። «አባ፣ እሱ ነውር ያለባትን ሳይናገር ሸጦ ያውቃል? ዝም ካለ የለባትም ማለት ነው።»

«ይኸስ እውነት ነው» አሉ ቄሱ። በአደባባይ ዋጋ ተጠራ፤ ብዙ ሳይከራከሩ ከፈሉ። ገመዱን ሲቀበሉኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» አሉኝ። ልሸኛቸው ስነሳ አንድ ሰው ፈረስ ሊያይ መጥቶ ያዘኝ። ፈረሱን አሳይቼ ቀና ስል ቡላዋ በጉብታው ላይ አልፋ ሄዳለች። ብሮጥ እደርስባቸው ነበር። «በሚመጣው ገበያ» አልኩ። በሚመጣው ገበያ እሳቸው አልመጡም። የሚቀጥለውን እኔ አልሄድኩም።

በሦስተኛው ሳምንት የበልግ ዝናብ ጣለ።

ወሬውን ያመጣልኝ በለጠ ነው። «ሰማህ? ቄስ ወልደ ሰንበትን በቅሎ ጣለቻቸው። ቅዳሜ ወደ ታች ሲወርዱ ዝናብ መጥቶ ዣንጥላ ቢከፍቱ ተፈናጥራ ድንጋይ ላይ ወረወረቻቸው። ጭናቸው ነው አሉ። በቃሬዛ ነው ያወጧቸው።» ከዚያም ትከሻውን ነቅንቆ፣ «እንስሳ ነው፤ ማን ያውቃል» አለ።

ገበያውን ትቼ ቤቴ ገባሁ። ለአስካለ ሁሉንም ነገርኳት፤ የዳገቱን ዣንጥላ፣ የጎረምሶቹን ሳቅ፣ የያዝኩትን ዝምታ። ስጨርስ፣ «ሦስት ሽማግሌ ልላክባቸውና ይቅርታ ይጠይቁልኝ» አልኳት።

አስካለ ስታዳምጥ ብዙ አትናገርም። «በቅሎዋን ስትሸጥ በበለጠ አፍ ሸጥክ። ይቅርታውን ደግሞ በሽማግሌ አፍ ልትጠይቅ ነው? የራስህ አፍ ለመቼ ነው የሚሆነው?»

በነጋታው ብቻዬን ሄድኩ። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ፊቴን ለብርዱ ሰጥቼ። ቄሱ መደብ ላይ ተንጋለዋል፤ ወጌሻው ጭናቸውን በሸንበቆ አስሮታል። ባለቤታቸው ወንበር አቀረቡልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«አባ፣ በቅሎዋ ዣንጥላ እንደምትፈራ አውቅ ነበር።»

ቁጣ ብጠብቅ አልመጣም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እኮ፣ እዚህ ለሚመጣው ሁሉ ‹ጌታነህም አላወቀም፤ ቢያውቅማ ይነግረኝ ነበር› እያልኩ ስሟገትልህ ነው የሰነበትኩት» አሉ።

ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ አደገደግሁ።

«ለምን ዝም አልክ? ዋጋዋ እንዳይቀንስብህ ነው?»

«አይደለም አባ። በጥርሴ አፍሬ ነው።»

«በምንህ?»

አፌን ከፈትኩ። «ጠጋ በል፣ ወደ በሩ ዙር» አሉኝ። ዞርኩ። ጋሽ ወንድይፍራው በቅሎ እንደሚያዩት ከጎንም ከፊትም አዩኝ።

«ነጭ ናት» አሉ።

«አዎን አባ።»

«ሌላ ነገር አለባት?»

«የለባትም።»

«ይቺን ለመሸፈን ነው?»

«አዎን።»

አልሳቁም። ባለቤታቸው ፊታቸውን አዞሩ። ቄሱ መስቀላቸውን አንስተው፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ። እኔም ይቅር ብያለሁ። ግን ታች ያሉት ሰዎች ይቅር ይበሉህ አይበሉህ እኔ አላውቅም፤ በቅሎዋ በእነሱ ገንዘብ የተገዛች ነች። ውሰዳትና ገንዘባቸውን መልስ። ለሌላ ሰው ስትሸጣት ደግሞ ተናገር» አሉኝ።

«እናገራለሁ አባ።»

«የእሷን ብቻ አይደለም። የእሷንም ያንተንም።»

ገንዘቡን መለስኩ። በሚቀጥለው ገበያ ቡላዋን አጥሩ ሥር አቆምኳት። ጠዋት ነበር። በለጠ ሊጀምር ሲል፣ «ዛሬ አንተ ዝም በል» አልኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

«ስሙኝ! ይቺ በቅሎ ዣንጥላ ሲዘረጋ ትደነብራለች። ቄስ ወልደ ሰንበትን የጣለች እሷ ነች። ይኸን እያወቅኩ፣ በጥርሴ እንዳይሳቅብኝ ብዬ፣ ሳልናገር የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። አሁን ዋጋ እንነጋገር።»

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ጎረምሶቹ ጥርሴን አይተው ሳቁ። በሁለተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። የሚስቅ ባገኝ በወደድኩ፤ ገበያ ጸጥ ሲል ለምን እንደሚያስፈራ ያን ቀን አወቅኩ። ከዚያ አንድ የእህል ነጋዴ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እኔ ለጭነት ነው የምፈልጋት። ጤፍ ዣንጥላ አይዘረጋም» አለ። በወረደ ዋጋ ወሰዳት። ዓመታት አገለገለችው፤ አንድ ኩንታል አልጣለችም።

ከበልግ በኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ ሄድኩ። ሐኪሙ አስታወሰኝ። «ልናጠቁራት አንችልም፤ ፈጭቼ አንስቼ ሌላ ነው የምሠራው። ዋጋውም እንደገና ነው» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ማንም ሳይነግረኝ ወንበሬን ትቼ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ጥርሴን በምራቄ አረጠብኩ፤ የደረቀ ጥርስ ከቀለሙ በላይ ነጥቶ ይታያል ብሎ ሐኪሙ ነግሮኛል። አሥራ ስድስቱን አንድ በአንድ አስጠጋ፤ በቀን ብርሃን፣ ከፊትም ከጎንም። ከዘንጉ መሐል አለፍ ብለን አንዷ ላይ ስንደርስ ሐኪሙ እጁን እዚያው ገታ። ብጫ ነች፣ ሥሯ ጋ ቡናማ ይላል። ለብቻዋ ብትታይ ማንም በነጻ አይወስዳትም።

«ይቺ ነች» አልኩት።

ቤቴ ስመለስ አስካለ አፌን አስከፈተችኝና ፈለገች። «የቷ ናት?» አለችኝ። አልነገርኳትም። በለጠ ደግሞ «ሲኒውን ሰበርከው እንዴ?» አለኝ፤ ስሙን ግን አልተወውም። እስከ ዛሬ ሲኒው ነኝ፤ ለምን እንደሆነ የማያውቁት እንኳ ይሉኛል።

ቦታዬ ላይ ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሁሉም አይደለም። የግሼው ገበሬ ሁለት ዓመት ቆይቶ መጥቶ አንድ ፈረስ ገዛኝ፤ ነውሩን ስናገር በትኩረት አደመጠና፣ «ይኸ ብቻ ነው?» አለኝ። ከዚያ በፊት ይኸን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ሰው ይጠይቀኝ ጀመር፤ እኔም ሳልቆጣ እመልሳለሁ።

የቄስ ወልደ ሰንበት ጭን ገጠመ፤ ግን አጥሮ ገጠመ። በመቋሚያ ቆመው ላይኛው ደብር ይቀድሱ ነበር። ገደሉን በእግራቸው መውረድ አልቻሉም፤ በቅሎ ላይ ለመቀመጥም ጭናቸው አልከፈት አለ። ሁለት ጊዜ የረጋች በቅሎ ይዤላቸው ሄጄ ሞከርን፤ ሁለቱንም ጊዜ ከኮርቻው መልሰን አወረድናቸው። ሦስተኛውን «ይበቃል ልጄ» አሉኝ። ታች ሌላ ቄስ እስኪመደብ ድረስ አራት ዓመት ፈጀ።

በሠላሳ አራት ዓመት ሳልናገር የሸጥኩት ነውር አንድ ነው። ታችኛው ደብር አራት ዓመት ቅዳሴ አልነበረውም።